ዮሴፍ ፍራውንሆፈርና የፀሐይ ጥቁር መስመሮች

ፀሐይ በቀን ብቻዋን ትነግሣለች። ከዋክብት ግን በሌሊት በሺህ የሚቈጠሩ ሆነው ቢሰበሰቡም ለመንገደኛ እግሩን የሚያሳርፍበትን እንኳ አያሳዩትም። ስለዚህ የጥንት ሰው ፀሐይን በአንድ ወገን፣ ከዋክብትን በሌላ ወገን አድርጎ ቢቈጥራቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ዛሬ ግን የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ሳይቀሩ ፀሐይ ከከዋክብት አንዷ መሆኗን ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ይህ ነገር በምን ታወቀ ተብለን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ከመምህራችን ስለ ሰማን ነው ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለንም። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ከመነሣታችን በፊት መልስ ከሌላቸው ወገን ነበርን።

መልሱን ስንፈልግ ካገኘናቸው ሰዎች መካከል የአንዱ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ነካው። ይህ ሰው ከከበረ ቤት ያልተወለደ፣ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ፣ በልጅነቱም መጽሐፍ እንዳያነብ የተከለከለ የመስተዋት ሠራተኛ ነበር። ስሙም ዮሴፍ ፍራውንሆፈር ይባላል። ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበት በዓል በሚታሰብበት በዚህ መጽሔት የእርሱን ሕይወት ለጓደኞቻችን ለመተረክ የመረጥነው ስለዚህ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ፍራውንሆፈር በ1787 ዓ.ም. ማርች 6 ቀን በጀርመን አገር፣ በባቫሪያ ግዛት፣ ስትራውቢንግ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ መስተዋት እየቈረጠ በመስኮት ላይ የሚገጥም ባለሙያ ሲሆን፣ ዮሴፍ ለወላጆቹ ዐሥራ አንደኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። ዐሥር ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች፤ ዓመት ያህል ቈይቶ ደግሞ አባቱ ተከተላት። ሞግዚቶቹ መጀመሪያ የእንጨት ሥራ ይማር ብለው ሰጡት፤ ነገር ግን ሰውነቱ ደካማ ስለ ነበረ ሥራው ከበደው። ከዚህ በኋላ በ1799 ዓ.ም. ወደ ሙኒክ ከተማ ተልኮ መልክ ማያ መስተዋት ከሚሠራ አንድ ባለሙያ ዘንድ ስድስት ዓመት ያለ ደመወዝ እያገለገለ ሙያውን እንዲማር ተዋዋሉለት።

የልጁ ኑሮ ከባርነት ብዙ የራቀ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀን መስተዋት ሲፈትግ ይውላል፤ ማታ መብራት አብርቶ ማንበብ አይፈቀድለትም። በዚያ ዘመን በሙኒክ ለሙያ ተማሪዎች በበዓል ቀን የሚከፈት ትምህርት ቤት ነበረ፤ ጌታው ግን ወደዚያ እንዳይሄድ ያግደው ነበር። ፊደል የሚወድ ልጅ ፊደል ሲከለከል ከረኀብ የሚያንስ ችግር አይደለም።

በ1801 ዓ.ም. ጁላይ 21 ቀን፣ ዮሴፍ የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ይኖርበት የነበረው የጌታው ቤት በድንገት ተደረመሰ። የጌታው ሚስት ፍርስራሹ ተጭኗት ሞተች። ዮሴፍ ግን ከታች በሕይወት እንዳለ ታወቀና ሠራተኞች ለብዙ ሰዓት ፍርስራሹን ሲያነሡ ቈይተው አወጡት። የሚያድኑትን ሰዎች ለማበረታታት ከመጡት መካከል በኋላ የባቫሪያ ንጉሥ የሆነው መስፍን ማክሲሚልያን ዮሴፍ ይገኝበት ነበር። መስፍኑ ልጁ ከሞት በመትረፉ ስለ ተደሰተ ወደ ቤተ መንግሥት አስጠርቶ 18 ዱካት ወርቅ ሰጠው። ከመስፍኑ ባለሥልጣኖች አንዱ የሆነው ኡትሽናይደርም ልጁን አነጋገረውና ስለ ሒሳብና ስለ ብርሃን የተጻፉ መጻሕፍት አመጣለት።

እናትና አባት የሌለው፣ በባዶ እጁ የኖረ ልጅ እንዲህ ያለ ገንዘብ ቢያገኝ ልብስ ልግዛ፣ ጥቂትም ልረፍ ቢል ማን ይፈርድበታል? ዮሴፍ ግን በወርቁ መስተዋት መቍረጫ መሣሪያ ገዛበት። የቀረውን ደግሞ ለጌታው ከፍሎ ገና ሊያገለግለው ይገባ ከነበረው ጊዜ ራሱን ዋጀ። ወደዚያ የበዓል ቀን ትምህርት ቤትም መሄድ ጀመረ። ሆኖም ሁሉ ነገር ወዲያው አልተቃናለትም። የስም ካርድ በመቅረጽ ራሱን ለመቻል ሞክሮ ነበር፤ ዘመኑ የጦርነት ዘመን ስለ ነበረ ገዢ አላገኘም። እንደ ገና ወደ ቀድሞ ጌታው ተመልሶ በደመወዝ ሠራ። በ1806 ዓ.ም. ግን ያ ኡትሽናይደር የተባለው ሰው አስታወሰውና ከባልንጀሮቹ ጋር ባቋቋመው የመሣሪያ ፋብሪካ ቀጠረው።

ፋብሪካው ለመሬት ቀያሾችና ለሥነ ፈለክ ሊቃውንት መለኪያና ቴሌስኮፕ ይሠራ ነበር። የመስተዋቱ ማቅለጫ የተቋቋመው ከሙኒክ በስተ ደቡብ፣ በተራሮች ግርጌ በሚገኘው በቤኔዲክትቦየርን ነው። ይህ ቦታ ከጥንት ጀምሮ የመነኰሳት ገዳም የነበረ ሲሆን፣ መንግሥት በ1803 ዓ.ም. ገዳሙን ከዘጋው በኋላ ኡትሽናይደር ገዝቶት ነበር። ፍራውንሆፈር ወደዚያ ሄዶ ጊናን ከሚባል የስዊስ አገር የመስተዋት ባለሙያ ጋር መሥራት ጀመረ።

በዚያ ጊዜ የሁሉም ችግር አንድ ነበር፤ ይኸውም ጥሩ መስተዋት መታጣቱ ነው። የቀለጠው መስተዋት ሲቀዘቅዝ በውስጡ አረፋና ጭረት ይቀርበታል፤ እንዲህ ካለው መስተዋት የተሠራ ሌንስም የኮከቡን መልክ ያጣምመዋል። ጊናን የቀለጠውን መስተዋት እሳት በማይበግረው የሸክላ በትር ማማሰልን አስተምሮ ነበር። ፍራውንሆፈርም ይህን ዘዴ እያሻሻለ ከእርሱ በፊት ያልታየ ጥራት ያለው መስተዋት አወጣ።

ነገር ግን ሁለተኛ ችግር ነበረ። አንድ ሌንስ ብቻ ያለው ቴሌስኮፕ ኮከብን ሲያሳይ በዙሪያው የማርያም መቀነትን የመሰለ ቀለም ያሳያል። ምክንያቱም መስተዋት ቀዩን ብርሃን በጥቂት፣ ሐምራዊውን በብዙ ስለሚያጐብጥ ሁሉም በአንድ ቦታ አይገናኙም። ሁለት ዓይነት መስተዋት አጣምሮ ይህን ጉድለት ማረም ይቻላል፤ ለዚህ ግን እያንዳንዱ መስተዋት እያንዳንዱን ቀለም ምን ያህል እንደሚያጐብጥ በትክክል መለካት ያስፈልጋል። ታዲያ ቀዩ ወዴት አልቆ ብርቱካናማው ወዴት እንደሚጀምር ማን ይለያል? በማርያም መቀነት ላይ ወሰን የለም። ወሰን የሌለው ነገር ደግሞ አይለካም።

ፍራውንሆፈር ወሰን ሲፈልግ በመብራት ነበልባል ብርሃን ውስጥ ሁለት ሆኖ የተጠጋጋ ደማቅ ቢጫ መስመር አገኘ። ይህ መስመር በፀሐይ ብርሃንም ውስጥ ይኖር እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለገ። በ1814 ዓ.ም. በጨለመ ክፍል ውስጥ በመዝጊያው ላይ ቀጭን ስንጥቅ አበጅቶ የፀሐይን ጨረር አስገባና በፕሪዝም ከፈለው፤ የወጣውንም ቀለም እንደ ሌሎቹ በግድግዳ ላይ ሳይሆን በቴሌስኮፕ አጉልቶ ተመለከተው። ደማቅ መስመር ሲጠብቅ ተቃራኒውን አየ። ከቀይ እስከ ሐምራዊ በተዘረጋው ቀለም መካከል ብርሃን የጐደለባቸው፣ አንዳንዶቹ ወፍራም አንዳንዶቹም እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጥቁር መስመሮች ተደርድረው ነበር።

ከእርሱ በፊት በ1802 ዓ.ም. ዎላስተን የሚባል እንግሊዛዊ ከእነዚህ መስመሮች ጥቂቶቹን አይቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ የቀለማት ድንበር መስለውት አለፋቸው። ፍራውንሆፈር ግን አላለፈም። ስንጥቁን ቢያሰፋና ቢያጠብ፣ ፕሪዝሙንም ቢለውጥ፣ መስመሮቹ ከየቀለማቸው ቦታ ፈቀቅ አላሉም። እንግዲህ የመሣሪያው ጉድለት እንዳልሆኑ ተረዳ። ተቀምጦ ቈጠራቸው፤ 574 ሆኑ። ለዋና ዋናዎቹ በላቲን ፊደል ስም አወጣላቸው፤ እስከ ዛሬም በዚያው ስም ይጠራሉ። የፈለገውንም ወሰን በእነርሱ አገኘ፤ ከዚያ በኋላ መስተዋቱን ሁሉ በእነዚህ መስመሮች እየለካ ሠራ። በ1817 ዓ.ም. የባቫሪያ አካዳሚ ጽሑፉን አሳተመለት።

ለፋብሪካው ሥራ ይህ ብቻ በበቃ ነበር። እርሱ ግን አንድ ጥያቄ ጨመረ። እነዚህ መስመሮች የፀሐይ ናቸው ወይስ ብርሃኗ የሚያልፍበት የአየራችን? አየሩ የሚያመጣቸው ከሆነ ከሰማይ በሚመጣ ብርሃን ሁሉ ላይ መታየት አለባቸው። ስለዚህ መሣሪያውን ቬኑስ ወደምትባለው ፈለክ አዞረ፤ የፀሐይን መስመሮች ራሳቸውን አገኘ። ይህም የሚገባ ነው፤ ቬኑስ የምታበራው የፀሐይን ብርሃን መልሳ በመስጠት ነውና። ቀጥሎ በሌሊት ሰማይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ወደሚደምቀው ወደ ሲሪየስ አዞረው። በዚያ ያየው ግን የፀሐይን አይመስልም ነበር፤ አንዱ በአረንጓዴው፣ ሁለቱ በሰማያዊው ላይ ያረፉ ሦስት ሰፋፊ ጥቁር ጥላዎች ብቻ አየ። አየሩ ያው አየር፣ ፕሪዝሙም ያው ፕሪዝም ነው። እንግዲያስ ልዩነቱ ከብርሃኑ ምንጭ የመጣ መሆን አለበት። በእኛ አስተያየት ፀሐይና ከዋክብት በአንድ ሚዛን ላይ የተቀመጡት በዚህ ጊዜ ነው።

በ1823 ዓ.ም. ከፍ ባለ መሣሪያ የሌሎች ከዋክብትን ብርሃን መርምሮ ውጤቱን ገለጸ። ካፔላ በሚባለው ኮከብና በፖሉክስ ላይ በፀሐይ ካሉት መስመሮች የሚገጥሙ አገኘ። ካስቶር ሲሪየስን መሰለ። በኦሪዮን ትከሻ ላይ ያለው ቀይ ኮከብ ቤቴልጂውስ ደግሞ እጅግ ብዙ መስመሮች ነበሩበት። ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ከዋክብት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሁለተኛ፣ ከእነርሱ መካከል ፀሐይን የሚመስሉ አሉ። በእነዚሁ ዓመታት ቀጫጭን ሽቦዎችን አቀራርቦ በመወጠርና በመስተዋት ላይ ጥቃቅን መስመሮች በመጫር የብርሃንን የሞገድ ርዝመት ለመለካት ቻለ። የዚያ የቢጫው መስመር ሞገድ አንድ ሚሊሜትር ለ1,700 ቢከፈል ከሚደርሰው ጋር የሚተካከል ነው።

ክብርም እየመጣለት ሄደ። ይሁን እንጂ የባቫሪያ አካዳሚ አባል እንዲሆን በቀረበ ጊዜ፣ ዩኒቨርሲቲ ያልተማረ የእጅ ሠራተኛ ነውና ከሊቃውንት ጋር ሊቀመጥ አይገባውም ብለው የተቃወሙት ነበሩ። የኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ በ1822 ዓ.ም. የክብር ዶክተር አደረገው። በ1824 ዓ.ም. ንጉሡ፣ ያ ከፍርስራሽ ሲወጣ ያየው መስፍን፣ የመኳንንት ማዕርግ ሰጠው። በዚያው ዓመት ለዶርፓት ከተማ የሠራው ቴሌስኮፕ ተላከ፤ ሌንሱ 24 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በሰዓት መዘውር እየተነዳ የኮከቡን ጕዞ በራሱ ይከተል ነበር። ስለ ብርሃን ያገኘውን ሁሉ ለዓለም ገልጾ አሳትሟል፤ የመስተዋቱን አቀላለጥ ግን ፋብሪካው በምሥጢር ይጠብቀው ስለ ነበረ አላሳተመም። ይህን የምንጽፈው የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት ከነሙሉነቱ መናገር ይገባል ብለን ስለምናምን ነው።

ዕድሜው ግን አጭር ነበር። ሰውነቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ በመሆኑ የሳንባ ነቀርሳ ያዘውና በ1826 ዓ.ም. ጁን 7 ቀን በ39 ዓመቱ ሞተ። ሚስትና ልጅ አልነበረውም። በሙኒክ በተቀበረበት ቦታ የቆመለት ድንጋይ ከዋክብትን ያቀረበልን ሰው መሆኑን ይመሰክራል።

ከሞተም በኋላ መሣሪያዎቹ ሥራቸውን አልተዉም። ለኮኒግስበርግ የጀመረው ሄሊዮሜትር የተባለው መለኪያ በሠራተኞቹ ተፈጽሞ ለሊቁ ለቤሰል ደረሰው። ቤሰልም በዚያ መሣሪያ 61 ሲግኒ የሚባለውን ደብዛዛ ኮከብ እየተከታተለ በ1838 ዓ.ም. ርቀቱን አስታወቀ። ብርሃን በአንድ ሰኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ሲሆን ከዚያ ኮከብ እኛ ዘንድ ለመድረስ 11 ዓመት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ከፀሐይ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ግን በ8 ደቂቃ ከ20 ሰኮንድ ነው። የኮከብ ርቀት ከታወቀ እውነተኛ ብርሃኑን ማስላት ይቻላል፤ ይህም በሩቅ ያለ ፋኖስና በቅርብ ያለ ሻማ እኩል ቢመስሉም ርቀታቸውን ያወቀ ሰው እንደማይታለል ማለት ነው። 61 ሲግኒ ሁለት ከዋክብት ሲሆን ሁለቱ ተደምረው የፀሐያችንን ብርሃን ሩብ ያህል ቢሰጡ ነው።

ጥቁር መስመሮቹ ከምን እንደሚመጡ ፍራውንሆፈር ሳያውቅ ሞተ። ምሥጢሩን በ1859 ዓ.ም. የፈቱት በሃይደልበርግ ይሠሩ የነበሩት ኪርሆፍና ቡንሰን ናቸው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲግል የራሱን መስመር ያበራል፤ ከደማቅ ብርሃን ፊት በረድ ያለ ጋዝ ሆኖ ሲቆም ደግሞ ያንኑ መስመር ይውጠዋል። ያ የነበልባሉ ቢጫ መስመር በገበታችን ጨው ውስጥ ያለው የሶዲየም ምልክት ነበር። በሲሪየስ ላይ የታዩት ሦስት ጥላዎች ደግሞ የሃይድሮጅን ናቸው። በ1925 ዓ.ም. ሴሲሊያ ፔይን የተባለች ሊቅ የመስመሮቹ ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከሙቀታቸው ልዩነት መሆኑን፣ ከዋክብትም ከሁሉ ይልቅ በሃይድሮጅን የተሞሉ መሆናቸውን አሳየች። ስለዚህ ፀሐይና ከዋክብት በአብዛኛው ከአንድ ዓይነት ነገር የተሠሩ ሆነው ሙቀታቸውና መጠናቸው ግን የተለያየ ነው።

እንግዲህ ፀሐያችን ከእነርሱ ጋር ስትመዛዘን ምን ትመስላለች? ስፋቷ ከዳር እስከ ዳር 1,392,000 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የምድር 109 እጥፍ ነው፤ የገጿ ሙቀት ወደ 5,500 ዲግሪ ይደርሳል። ሲሪየስ ወደ 9,600 ዲግሪ የሚግል በመሆኑ ከፀሐይ 25 ጊዜ ያህል ይበልጥ ያበራል። ቤቴልጂውስ ሙቀቱ 3,300 ዲግሪ ያህል ቢሆንም ስፋቱ ከፀሐይ በብዙ መቶ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ በፀሐያችን ቦታ ቢቆም ምድርን ብቻ ሳይሆን ማርስንም በዋጠ ነበር። በሌላ ወገን፣ ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የሚቀርበው ፕሮክሲማ ስፋቱ የፀሐይ ሰባተኛ ያህል ሲሆን ያለ ቴሌስኮፕ ከቶ አይታይም። ከመቶ ከዋክብት ሰባ ያህሉ እንደዚህ ያሉ ትናንሽ ቀያዮች ናቸው። ስለዚህ ፀሐይ መካከለኛ ናት ሲባል ከታላላቆቹ ታንሳለች ማለት ነው እንጂ ከብዙዎቹ ታንሳለች ማለት አይደለም።

ፀሐይን ከፍራውንሆፈር ከዋክብት አንዱ በሆነው በካፔላ ቦታ ብናስቀምጣት፣ ማለትም ብርሃን 43 ዓመት በሚሄደው ርቀት ላይ ብትሆን፣ በጨለማ ገጠር ዐይኑ የሰላ ሰው በጭንቅ የሚያያት ደብዛዛ ኮከብ በሆነች ነበር። ካፔላ ግን በዚያው ርቀት ላይ ሆኖ በሰማይ ከሚደምቁት አንዱ ነው። ፀሐይ በቀን ብቻዋን የምትነግሠው ስለ ቀረበችን ነው፤ ይህ ቅርበት ባይኖር ኖሮ እኛም ባልኖርን ነበር።

በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ወደ ሰማይ ቀና ብንል ኦሪዮንን፣ በአጠገቡም ሲሪየስን እናያለን። ፍራውንሆፈር የመረመራቸው ከዋክብት እነዚሁ ናቸው። በቤተ ሙከራችን ቁም ሣጥን ውስጥም ፕሪዝም አለ፤ እርሱ የጀመረው በዚህ ነው። ለእርሱ የትምህርት በር የተከፈተው ቤት ከወደቀበት በኋላ ነበር፤ ለእኛ ግን በየጧቱ ደወል እየተደወለ ይከፈትልናል። ያ ልጅ 18 ዱካት ከፍሎ የገዛውን የመማር ነጻነት ያለ ዋጋ የተቀበልን ተማሪዎች፣ በእጃችን ያለውን መስተዋት አንሥተን ለማየት ብንሰንፍ የምናመካኘው ነገር አይኖረንም።